ከግድግዳው ማዶ

«ዕጢው እኮ አልተመለሰባቸውም፤» አለ ሐኪሙ ስኒውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። «እስከ መጨረሻው ምርመራ ድረስ ንጹሕ ነበሩ። ይኼን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። አርባ ዓመት ካለፋት ቆይቷል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን የሟች ልጅ ምንጊዜም ልጅ ናትና የመጣው ሁሉ «ልጅቱስ?» እያለ ነው የሚገባው። ሐኪሙ የተናገረው እውነት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የእናቷን የትልቁን አንጀት ጫፍ ከነዕጢው ቆርጦ ያወጣው እሱ ነው። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ደረቀ፤ ዕጢው ወደ ጉበትም ወደ ሳንባም አልዘለቀም። የገደላት ልብ ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች ቀጥ አለ።

«ያ ክፉ በሽታ እኮ ነው የጨረሳት፤» አለ አጎቷ ከጎኗ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ከቀብር መልስ ጀምሮ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ይናገራል፤ ሐኪሙ አጠገቡ መቀመጡም አላስቆመውም።  ሐኪሙ ቡናውን ጨርሶ «ያጽናሽ» ብሏት ወጣ።

እሷና ሐኪሙ የሚሠሩት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እሱ ይቀድዳል፤ እሷ ትጠይቃለች። ነርስ ናት፤ መርፌ ከያዘች ግን ዓመታት አልፈዋል፤ መሣሪያዋ ስልክ ነው። ሆስፒታሉ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች ለዓመታት የሚከታተል ጥናት አለው። ዕጢው ከወጣ በኋላ የአንዳንዱ አንጀት ተመልሶ ይጋጠማል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ይደረግና ከረጢት ይገጠምለታል። ጥናቱ የሚፈልገው ማን እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ነው። ዕጢው መመለስ አለመመለሱን ማሽን ይናገራል። ሰውየው ሰርግ መጠራት ፈርቶ እንደሆነ፣ ከሚስቱ አልጋ ለይቶ እንደሆነ፣ ከረጢቱ አውቶቡስ ውስጥ ፈስሶበት እንደሆነ ግን ማሽን ከየት ያውቃል? ያንን የምታውቀው እሷ ናት፤ ደውላ።

በዚህ ሥራ የሚያህላት አልነበረም። አዲስ ገቢዎችን የምታሠለጥነውም እሷው ናት። «‹ደህና ነዎት?› ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤» ትላቸዋለች። «እንደዚያ ካላችሁት እየሞተም ቢሆን ደህና ነኝ ነው የሚላችሁ። ‹ትናንት ማታ ስንቴ ተነሡ?› በሉት።» ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ለእሷ ይነግራታል። ድምፁ የሚያስፈራ አንድ ጡረተኛ ዳኛ እንኳ፣ የልጅ ልጁ ልደት ላይ ከረጢቱ ድምፅ ሲያሰማበት እንዴት ኬኩን ሳይቀምስ ሮጦ እንደወጣ፣ እየሳቀም እያለቀሰም አጫውቷታል።

እናቷ ጋ ሲደርስ ግን ይህን ሁሉ ጥበብ ውኃ በላው።

«እማዬ፣ ትናንት ማታ ስንቴ ተነሣሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ማጣበቂያው ቆዳሽን አላሳከከሽም?»

«ደህና ነኝ። አንቺ ራት በልተሻል?»

የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የጥናቱ ደንብም አላገዛትም፤ ማንም የገዛ ዘመዱን አይጠይቅም። እናቷ ጥናቱ ውስጥ ስትገባ ስልኩን የመደወሉ ሥራ ለባልደረባዋ ተሰጠ። እሱ ከቢሮው ጥግ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከእናቷ ጋር ሲያወራ፣ እሷ ተነሥታ ወደ ኮሪደር ትወጣ ነበር። የሆነ ቀን ብትመለስ ገና አልጨረሰም። ሌላ ጊዜም ሻይዋን ጠጥታ ብትመለስ ገና ነው። እናቷ ከእሷ ጋር ያን ያህል አውርታ አታውቅም።

ሳሎኑ ሞላ፣ ጎደለ፣ እንደገና ሞላ። የእናቷ የቀድሞ የላውንደሪ ቤት ባልደረቦች፣ የሩቅ ዘመዶች፣ ስማቸውን የማታውቃቸው የሰፈር ሰዎች ገቡ። ሁለት ሴቶች ከኋላዋ አንገት ለአንገት ገጥመው ያንሾካሹካሉ።

«ያ ነገር ነበራት አሉ፤ እዚህ ጋ።»

«ሆዷ ላይ? እውነትም?»

«ዝም በይ፣ ልጅቱ ትሰማለች።»

«ብትሰማስ? እሷ አይደለች እንዴ ስታጥብላት፣ ስትቀይርላት የኖረች! ነርስ እኮ ናት። ታድላ ሞተች፤ እንዲህ ያለች ልጅ ማን ያገኛል?»

ልጅቱ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ምስጋናው የሌላ ሰው ልብስ ሆኖባት፣ ዞራ «እኔ አይደለሁም» ልትል ፈለገች። «ማን ነበረች ታዲያ?» ብለው ቢጠይቋት የምትመልሰው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጣራ ሥር እየኖረች የእናቷን ከረጢት አንድ ቀን አይታው አታውቅም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሀዘኑ በላይ የሚያንገበግባት ይኸው ነው፦ ምን ብበድላት ነው ያላስጠጋችኝ?

እናቷ ያሳደገቻት ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኩሳ ነው። ካውያ ይዛ ነው ያረጀችው። ሽታ ላይ አፍንጫዋ የታወቀ ነበር፤ ያልታጠበ ሸሚዝ አንሥታ አንዴ ሳብ ታደርግና «ይኼ ሰውዬ ሥራ ለቋል፤ የቢሮ ሽታ የለውም» ትላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። ሠራተኞቹ ሁሉ እሷ አጠገብ ሲያልፉ ብብታቸውን የሚያጠብቁት በቀልድ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለች ሴት ናት ሆዷ ላይ ከረጢት ይዛ የቀረችው።

ምርጫ ግን ነበራት። ሐኪሙ ሁለቱንም አስረድቷት ነበር። አንጀቱን ዝቅ አድርጎ ማጋጠም ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ድሮው ላይታዘዝ፣ ቀን ከሌት ሊያሯሩጥ ይችላል። ወይም ከረጢቱ፣ ለዕድሜ ልክ። ያን ምሽት ልጅቱ እናቷን አስቀምጣ የጥናቱን ውጤት አንድ በአንድ አብራራችላት፤ የተጋጠመላቸው ምን እንደሚሉ፣ ከረጢት የያዙት ምን እንደሚሉ፣ ማን ቶሎ እንደሚለምድ፣ ማን እንደሚጸጸት። በሥራ ድምፅዋ ነው የነገረቻት፤ ያ ለስላሳና የተስተካከለ ድምፅ። ሌላ ድምፅ ብትጠቀም እንደምታለቅስ ታውቀው ነበር።

«አንቺ ብትሆኚስ?» አለች እናቷ ሰምታ ስትጨርስ።

«ምርጫው ያንቺ ነው እማዬ።»

እናቷ አተኩራ አየቻት። «ሥራ ላይ ነሽ፤» አለቻት። ከዚያ ሳቅ ብላ እጇን ቸብ ቸብ አደረገችው። «ግድ የለም፤ ከረጢቱ ይሁንልኝ። መቼ እንደምሮጥ ሳላውቅ ከምኖር ቦታው የታወቀ ይሻለኛል።»

ከሆስፒታል እንደወጣች ልጅቱ ጓንቱን፣ ክሬሙን፣ የከረጢቱን ሳጥን አዘጋጅታ ጠበቀቻት። እናቷ ሳጥኑን ተቀበለቻትና የመታጠቢያውን በር ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ጎረቤት መሄድ ጀመረች፤ ሾፌሯ ዘንድ። ሾፌሯ የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች፣ ድምፅዋ እንደ ወንድ የጎረነነ፣ አፏ ፍሬን የሌለው ሴት ናት። የሁለቱ ቤት በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ልጅቱ ሥራ በማትገባባቸው ቀናት ሻይዋን ይዛ ስትቀመጥ፣ ከግድግዳው ማዶ የእናቷ ሳቅ ይሰማታል። እዚህ ቤት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። አንድ ጊዜ አላስችል ብሏት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሾፌሯ በሩን በከፊል ከፍታ «አሁን አይመችም፣ ልጄ» አለቻት። ዳግመኛ አላንኳኳችም። ሻይዋን ይዛ ሳቅ ማዳመጧን ግን አልተወችም።

ባልደረባዋ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ገብቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ ውኃ ሊጠጣ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ልጅቱ ተከተለችው። ሾፌሯ ከማጠቢያው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ስኒ ታለቃልቃለች፤ ቀብር ከተፈጸመ ጀምሮ ከዚያ ቦታ ንቅንቅ አላለችም።

«ላንተ ምን ትልህ ነበር?» አለችው ልጅቱ።

ባልደረባዋ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይኼን እንዳትጠይቂኝ።»

«ሞታለች እኮ።»

«‹ሞትም ቢሆን ምስጢሩን አይፈታውም› ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ። ጠረጴዛ መትተሽ።»

ትዝ አላት። መትታ ነበር። «ቢያንስ…» አለች።

«ስልክ ቶሎ አይዘጉም ነበር፤» አለ። «ይኼን ብልሽ ደንብ አልጥስም መሰለኝ። ‹ዛሬ ልጄ ምን ለብሳ መጣች? በልታለች? ፊቷ እንዴት ነው?› ይሉኛል። ከጥያቄዬ በላይ የእሳቸው ይበዛ ነበር።»

ልጅቱ ማልቀስ አልፈለገችም፤ ስለዚህ ሥራዋን ያዘች። ጥናቱ ውስጥ ያለ ሰው ሲሞት ለቅርብ ቤተሰብ የሚቀርቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ።

«የቤተሰብ ጥያቄዎቹን ጠይቀኝ፤» አለች።

«አብደሻል? ቆይ እንጂ፤ ይደርሳል።»

«ነገ ሌላ ሰው በስልክ ከሚጠይቀኝ አንተ ፊት ለፊት ብትጠይቀኝ ይሻለኛል። በል።»

ትንሽ አንገራገረ። ከዚያ ያስተማረችውን ድምፅ አወጣ፤ ያንኑ ለስላሳውን። የት እንዳረፉ ጠየቃት፤ መለሰች። በምን ምክንያት፤ መለሰች። እሷ ያኔ ሥራ ላይ ነበረች፤ አንድ ሰውዬ ስለ ሆድ ድርቀቱ በስልክ እያወራት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሕመም ነበራቸው? አይመስለኝም አለች።

«ከረጢቱን ሲቀይሩ የሚረዳቸው ሰው ነበር? ማን ነበር?»

 ይህን ጥያቄ እሷ ራሷ ስንት ልጅ፣ ስንት ባል ጠይቃለች። «አላውቅም» የሚሏት ነበሩ። አመስግና ትዘጋለች፤ በሆዷ ግን «ከአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ!» ትላቸዋለች። አንዳንዴም ለባልደረቦቿ ታማቸዋለች።

«አላውቅም፤» አለች።

የማጠቢያው ውኃ ቆመ።

«እኔ ነኝ፤» አለች ሾፌሯ ሳትዞር።

ባልደረባዋ ወደ መሬት አየ። ያውቅ እንደነበረ ካቀረቀረው አንገቱ ገባት። ሾፌሯ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ልጅቱን ክንዷን ያዘችና በጓሮ በር በኩል ወደ ራሷ ቤት ይዛት ሄደች።

የሾፌሯ መታጠቢያ ቤት ጠባብ ናት። ከግድግዳው ጥግ አጭር በርጩማ ተቀምጧል። ከበርጩማው ትይዩ፣ ፊት በማይታይበት ዝቅታ ላይ፣ ረጅም የአውቶቡስ ስፖኪዮ በሁለት ብሎን ታስሯል፤ ያ ሾፌር የኋላ መንገድ የሚያይበት የጎን መስታወት።

«የቀዳዳው የታችኛው በኩል አይታያትም ነበር፤» አለች ሾፌሯ። «ስታጎነብስ ያማታል። ጡረታ ስወጣ አውቶቡሱን ስጡኝ ብላቸው እንቢ አሉኝ፣ ስፖኪዮውን ነቅዬ መጣሁ። በከንቱ አልነቀልኩትም።»

«እኛ ቤት መታጠቢያ የለም እትዬ?»

«አለ። ሽታ ይቀራል ብላ ነው።»

«ነርስ ነኝ እኮ! ሽታ ለእኔ ምኔ ነው?»

«እሱማ ነው ችግሩ።» ሾፌሯ በሩ ላይ ተደገፈች። «‹ልጄ ቀኑን ሙሉ የሰው አንጀት ስታዳምጥ ትውላለች› ትለኛለች። ‹ደክሟት ስትገባ በር ላይ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃት? እናቷን ታግኝ እንጂ። ራት የሚያሞቅላት፣ አረፈድሽ ብሎ የሚቆጣት ሰው ታግኝ።› ደንበኛ ግትር ነበረች፤ ታውቂያታለሽ።»

ልጅቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። 

«ማን ጠየቃት?» አለች። ድምፅዋ ግድግዳውን መታው። «ማን እናት ሁኚልኝ አላት? እናቴ ናት እኮ! ብታመምም እናቴ ናት፣ ብትሸትም እናቴ ናት። ሦስት ዓመት እዚያ ማዶ ተቀምጬ ስትስቁ ስሰማ… ጠልታኛለች እያልኩ…»

ሾፌሯ አላባበለቻትም። «ቀንተሽ ነበር?» አለቻት።

«አዎ።»

«እኔም።» ጎርናናው ድምፅዋ ወረደ። «አንቺ የምትገቢበት ሰዓት ሲደርስ እዚችው መስታወት ፊት ቁጢጥ ብላ ፀጉሯን ስታበጥር እቀና ነበር። ለእኔ አበጥራ አታውቅም። እኔ ዘንድ እንደተንጨባረረች ነበር የምትመጣው።»

 ሾፌሯ ድንገት በአፍንጫዋ ሳቀች።

«ስም አውጥታለት ነበር እኮ።»

«ለምኑ?»

«ሆዷ ላይ ላለው ቀዳዳ ነዋ። ‹ረዳቱ› ነው የምትለው። እንደ አውቶቡስ ረዳት፣ ማንም ሳያዘው ‹ወራጅ አለ!› ብሎ ይጮኻል። መጀመሪያ ቀን የጮኸ ጊዜ አፍራ ስታለቅስ እኔ ‹ወራጅ አለ› አልኩ። ከዚያ በኋላ በቃ፤ በጮኸ ቁጥር መሳቅ ነው።»

ልጅቱ ከስልክ ሥራዋ አንድ ነገር ታዝባለች፤ የትም ተጽፎ አላየችውም፤ ለዚያ ቀዳዳ ስም ያወጡለት ሰዎች ይሻላቸዋል። ያልሸሹት፣ የታረቁት ናቸው። እናቷ ስም አውጥታለታለች። ሳቁ የዚያ ነበር። በእፎይታና በቁጭት መሐል ሆና ሳቀች፣ ሳቋም ወዲያው ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ከቀብሩ ወዲህ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። ሾፌሯ ፎጣ አቀበለቻት።

«ሰው መጥቶ ይሆናል፤ ስኒውም አልቋል፤» አለችና በሩን ገጠም አድርጋላት ወጣች።

ከመስታወቱ ሥር መሳቢያ ነበር። ልጅቱ ሳበችው። መቀስ፣ ክሬም፣ ተጣጥፎ የተተኮሰ ንጹሕ ጨርቅ። ከአጠገባቸው አዳዲስ ከረጢቶች። የከረጢቱ ማጣበቂያ ላይ ያለውን ቀዳዳ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ልክ በመቀስ ይቆርጠዋል። እናቷ ሁሉንም አስቀድማ ቆርጣ፣ እንደ ሸሚዝ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ ደርድራቸዋለች። ብዙ ቀን ልትኖር ነበር ያሰበችው። ልጅቱ አንዱን አንሥታ ጣቷን በቀዳዳው ዙሪያ አዞረች። ፍጹም ክብ አልነበረም፤ ወደ አንድ ጎን ሞላላ ነው። ሐኪሙ ያውቀዋል፣ ሾፌሯ ታውቀዋለች። እሷ ገና ዛሬ አወቀችው።

ልብሷን ገለጠች። መስታወቱ ውስጥ ፊት የለም፤ ሆድ ብቻ። የማጣበቂያውን ሽፋን ልጣ ከእምብርቷ በስተግራ፣ ዝቅ አድርጋ ለጠፈችውና መዳፏን ከላይ ጫነችበት። «እጅዎን ቶሎ አያንሡ፤ የሚይዘው በሰውነት ሙቀት ነው» እያለች በስልክ ያልመከረችው ሰው የለም። መጀመሪያ ሲነካ እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ ግን ማንም አልነገራትም። እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ልብሷን መለሰችና በጓሮ በር ዞራ ወደ ቤታቸው ሳሎን ገባች። አዳዲስ እንግዶች ነበሩ። ያንሾካሾኩት ሴቶች ሄደዋል፤ ባልደረባዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። አጎቷ ለአንዲት አሮጊት «ያ ክፉ በሽታ እኮ ነው…» ብሎ ጀምሯል። ልጅቱ ከጎኑ ያለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከረጢቱ ከልብሷ ሥር ኮሽ ይላል። ማንም አልሰማም። እናቷም ራት ስታቀርብላት፣ አረፈድሽ ብላ ስትቆጣት፣ ይኼ ከልብሷ ሥር ነበረ።

አሮጊቷ ልትሰናበታት ጎንበስ ስትል ልጅቱ የዘረጋችላት አንድ እጅ ብቻ ነው።

«ምነው፣ ሆድሽን አመመሽ እንዴ?» አለ አጎቷ በጆሮዋ።

«አይ ጋሼ። እስኪሞቅ ነው።»

አጎቷ ብርድ መስሎት ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ልጅቱ አመሰገነችው፤ መዳፏን ግን ከሆዷ አላነሣችም።